በእጅ የሚሳብ ያገለገለ የቡና ማሽን ልግዛ? ከደሴ የቀረበ ጥያቄና የተከተለው ንትርክ

ጥያቄውን በአንድ የኢንተርኔት መወያያ ገጽ ላይ ያቀረበው ደሴ ላይ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ፣ አንዲት ጠባብ ካፌ ለመክፈት የሚሰናዳ ሰው ነው። ሰላምታውን እንደ አገሩ ደንብ ለሁሉም አዳርሶ ሲያበቃ ነገሩን በቀጥታ አስቀመጠው። መብራት በሄደ ቁጥር ፓምፕ ያላቸው የማኪያቶ ማሽኖች ይቆማሉ፤ ደንበኛውም ጀበና ወደተጣደበት ይሄዳል። ስለዚህ ያለ ፓምፕ፣ በእጅ ተስቦ የሚሠራ ማሽን ይፈልጋል። ሁለት አግኝቷል። አንደኛው ዘመድ ከጣሊያን ይዞት የመጣ ትንሽ ላ ፓቮኒ ኤውሮፒኮላ ነው። ሁለተኛው ኮምቦልቻ ውስጥ ከተዘጋ ካፌ የተረፈ፣ መጋዘን ውስጥ በጆንያ ተሸፍኖ የኖረ፣ የስም ሰሌዳው የተፋቀ ባለ ሁለት ግሩፕ (ግሩፕ ማለት ቡናው የሚወርድበት የማሽኑ አፍ ነው) ትልቅ ማሽን ነው፤ ሻጩ ከመታጠብ በቀር ምንም አይጎድለውም ብሎታል። የትኛውን ልግዛ፣ ከማሽኑ ሌላስ ምን ላሟላ የሚል ነበር ጥያቄው። ፎቶግራፎችም አያይዟል፤ በኋላ እንደታየው ከጽሑፉ ይልቅ ብዙ የተናገሩት እነሱ ናቸው።

ምላሾቹን በተራ ቁጥራቸው እየጠቀስሁ እተርካለሁ። እንዳለ ላንብበው የሚል ሰው ትዕግሥት ያስፈልገዋል፤ ግማሹ ስለ ማሽን አይደለም።

ቁጥር 1 እንኳን ደስ አለህ ብሎ ቶሎ እንዲገዛ መከረ፤ የትኛውን እንደሆነ ግን አልተናገረም። ቁጥር 2 መልሱን እኔም እጠብቃለሁ ከማለት አላለፈም።

ቁም ነገር የጀመረው ከቁጥር 3 ነው። ሰውየው ሁለቱ ማሽኖች ስማቸው እንጂ ሥራቸው አንድ እንዳልሆነ አስረዳ። ትንሹ ሞላ የለውም፤ ውሃውን በቡናው ውስጥ የሚገፋው የሰውየው ክንድ ራሱ ነው። በትልቁ ላይ ግን ክንድ የሚያደርገው ሞላውን መጠቅጠቅ ብቻ ነው። ማንሻውን ወደ ታች ሲስቡት ፒስተኑ ወደ ላይ ይወጣል፣ ከቦይለሩ፣ ማለትም ውሃው ከሚፈላበት ጋን፣ የሚመጣው ውሃ ቡናው ላይ ይፈስሳል፤ ሲለቁት ሞላው ፒስተኑን መልሶ ይገፋዋል። ግፊቱ መጀመሪያ ላይ 9 ባር (ባር የግፊት መለኪያ አሃድ ነው) አካባቢ ሆኖ ሞላው በተዘረጋ መጠን እየቀነሰ ይሄዳል። ስለ ኤውሮፒኮላው የሰጠው ፍርድ አጭር ነበር። ቦይለሩ 0.8 ሊትር ብቻ ይይዛል፤ ሦስት አራት ስኒ በተከታታይ ከተቀዳበት ግሩፑ ከመጠን በላይ ግሎ ቡናውን ያሳርረዋል፤ ውሃ ለመጨመርም አጥፍቶ፣ እንፋሎቱን አስወጥቶ መጠበቅ ግድ ነው። ግፊት ሳለ ክዳኑን የሚከፍት ሰው ፊቱን ይቀቅላል። ለቤት መልካም ዕቃ ነው፣ ለካፌ ግን አይሆንም አለ። ከዚያ በኋላ ትንሹን ማሽን ደግፎ የተከራከረ አልነበረም።

ቁጥር 4 በዕድሜ የገፉ ሰው መሆናቸውን ከአጻጻፋቸው መረዳት ይቻላል። እንዲህ ያለውን ማሽን ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ደሴን ሲይዝ ይዞት እንደገባ፣ አጎታቸውም በዓይናቸው እንዳዩት ጻፉ። ቁጥር 5 ይህን ሳታነብ ይመስለኛል ሌላ ነገር ይዛ መጣች። ወሎ ውስጥ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ተብሎ፣ ዱዓ ተደርጎ፣ ጎረቤት ተጠርቶ የሚጠጣውን ቡና ትታችሁ፣ ቆሞ ጨልጦ ለመሄድ ይህን ሁሉ ብረት መግዛት ምን ይባላል ስትል ጠየቀች። መልስ የሰጣት አልነበረም፤ እሷ ግን ወደ መጨረሻው ድረስ አልተለየችም።

ቁጥር 6 አዛውንቱን አረማቸው፤ እርማቱ ልክ ነው፣ አነጋገሩ ግን አይደለም። ጣሊያናዊው የቡና ማሽን ፈልሳፊ አኪሌ ጋጂያ የመጀመሪያውን ፓተንት ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1938 እንደሆነ፣ በሞላ የሚሠራው ባለ ማንሻ ማሽን ገበያ የወጣውም ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ በ1948 መሆኑን ጠቅሶ፣ አጎትህ ሊያየው አይችልም ብሎ ደመደመ። አንተ ማለቱ ነው ነገሩን ያከረረው። አዛውንቱ ከአንተ ወረቀት የአጎቴ ዓይን ይሻለኛል በሚል መንፈስ መለሱ። ቁጥር 7 ገብቶ ሁለቱንም አበረደ። አዛውንቱን አባ እያለ በአክብሮት፣ ከጋጂያ በፊትም ጣሊያኖች ቁመተ ረጅም የእንፋሎት ማሽን እንደነበራቸው አስታወሰ። የሉዊጂ ቤዜራ ፓተንት እ.ኤ.አ. የ1901 ነው፤ ላ ፓቮኒም ከ1905 ጀምሮ ይህንኑ ዓይነት ሠርቷል። አጎታቸው ያዩት ያንን ሊሆን ይችላል፤ እሱ በእንፋሎት ግፊት ብቻ የሚሠራ ስለነበር የዛሬውን ወፍራም ክሬማ፣ ቡናው ላይ የሚንሳፈፈውን አረፋ፣ አይሰጥም። እኔም ከሁሉ የሚያሳምን አሳብ ሆኖ ያገኘሁት ይህን ነው። ቁጥር 6 ግን ይቅርታ ሳይጠይቅ ቀረ።

ቁጥር 8 ወልድያ ላይ ለብዙ ጊዜ ካፌ ያስተዳደሩ እናት ናቸው። ከዚህ በኋላ ብዙዎቹ እትዬ እያሉ የጠሯቸው እሳቸውን ነው። ከሁሉም የሚረዝመው መልስ የእሳቸው ሲሆን፣ ስለ ማሽኑ ከሁለት መስመር አይበልጥም፤ የቀረው ሁሉ ስለ መፍጫ ነው። ያለህን ገንዘብ ለማሽኑ ካዋልከው ካፌውን አትክፈት አሉት። ፓምፕ ያለው ማሽን ሻካራ ቡና ቢሰጡት ቀጥኖም ቢሆን የሆነ ነገር ይወርድለታል። ባለ ሞላው ግን ኃይሉ የተወሰነ ነው። ቡናው ከሻከረ ውሃው ሳይታገል ያልፍና ጎምዛዛና ቀጭን ይሆናል፤ ከላመ ደግሞ ማንሻው መካከል ላይ ይቆምና ጠብ የሚል ነገር አይኖርም። በሙቀጫ የተወቀጠ፣ ወይም በርበሬ ከሚፈጨው ወፍጮ ቤት የመጣ ቡና ዱቄትና ጥራጊ የተቀላቀለበት ስለሆነ ሁለቱንም ጥፋት በአንድ ጊዜ ያመጣል። ስለዚህ ጥርሱ የሚስተካከል፣ ለእስፕሬሶ የተሠራ መፍጫ ያስፈልጋል። ያገለገለ ከሆነም ጥርሱን አስወጥቶ በጣት መዳሰስ ነው፤ ጫፉ ከደነዘዘ ጥርሱን መቀየር እንጂ ማጥበቅ አይረዳም።

ቀጥለውም የአሠራሩን ነገር ዘረዘሩ። ለሁለት ስኒ ከ14 እስከ 18 ግራም፣ እንደ ማጣሪያው ስፋት፤ ማንሻው ከተለቀቀ በኋላ ከ25 እስከ 30 ሰከንድ። በግምት የሚሆን ነገር አይደለም፣ ትንሽ ሚዛን ይግዛ። ቡናው ደግሞ በዚያው ቀን የተቆላ አይሁን፤ ለጀበና የሚያምርበት ትኩስነት እዚህ አረፋ ብቻ ያመጣል፤ ጥቂት ቀን ይረፍ። እስኪጠቁርና ቅባት እስኪያወጣ የተቆላ ቡናም የመፍጫውን ጥርስ ይደፍነዋል። እንደ አነባበቤ ጠያቂው ከዚህ መልስ በኋላ ዝም ያለው አሳቡ ስለተናወጠ ነው።

ቁጥር 9 የመፍጫ ዋጋ ጠየቀ። ቁጥር 10 ዋጋ በየሳምንቱ ስለሚለዋወጥ እዚህ ቢጻፍ ጥቅም የለውም አለ፤ ከዚያ ሁለቱ ስለ ዶላር ምንዛሪ ተያያዙ፤ ልለፋቸው።

ቁጥር 11 ኮምቦልቻ ውስጥ ቶርኖ ቤት ያለው ባለሙያ ነው። ፎቶግራፎቹን አስፍቶ እንደተመለከተ ያስታውቃል። ማንም ያላስተዋለውን ነገር አየ፤ ከቦይለሩ ሥር የተቆረጠ ቀጭን የመዳብ ቧንቧና ምድጃ የሚታሰርበት ጆሮ አለ። ይህ ማሽን በመጀመሪያ በጋዝም እንዲሠራ ሆኖ የወጣ ነው፤ ጠያቂው መብራት ሲጠፋ ልሥራ ካለ የሚያዋጣው ይህ ነው፤ ሞላውማ ውሃ አያሞቅለትም። ምድጃውን ከቡታጋዝ ጋር የሚያገናኘው ግን ለጋዝ የተሠራ መቆጣጠሪያና ቱቦ ይሁን፣ ሲሊንደሩ ውጭ ይቀመጥ፣ ክፍሉም አየር የሚወጣበት ይኑረው ሲል አስጠነቀቀ።

ከዚያ ሳይከፍል በፊት የሚያየውን ነገረው። ቦይለሩ ይከፈት፤ ሻጩ እምቢ ካለ ነገሩ አለቀ። ውስጡ ያለው ነጭ ቅርፊት በጣት ጥፍር የሚላጥ ከሆነ ይታጠባል፤ ድንጋይ ሆኖ ማሞቂያውን ከሸፈነ ግን ዋጋው ይውረድ። የግሩፑ ጓርኒሲዮን (ውሃ እንዳያፈስ የሚዘጋው ላስቲክ) እና የፒስተኑ ላስቲኮች ለዓመታት ከቆሙ በኋላ ያለ ጥርጥር ደርቀዋል፤ እነሱን የማሽኑ ዋጋ አካል አድርጎ ማስላት ነው። የደኅንነት ቫልቩ በእጅ ሲነሣ መንቀሳቀስ አለበት፣ የተጣበቀ ከሆነ ይቀየር እንጂ በመዶሻ እየተመታ አይፈታ። በአሮጌ ማሽኖች ላይ ቦይለሩን የሚሸፍነው ግራጫ ጥጥ መሰል ነገር አስቤስቶስ (ብናኙ ሳንባ የሚጎዳ ማዕድን) ሊሆን ስለሚችል ደረቁን አይፋቅ፣ አይጠረግ። የግፊት መለኪያው ማሽኑ ቀዝቅዞ እያለ ዜሮ ላይ ካልቆመ እሱም አይታመንም።

ስለ ማንሻው የጻፈው ግን ከሁሉ በላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነው። የተጠቀጠቀ ሞላ ቡና ሳይኖር፣ ወይም ላስቲኩ አልቆ ውሃው ሳይቋቋመው ከተለቀቀ፣ ማንሻው ብረት ሆኖ ወደ ላይ ይወረወራል። አንድ ወጣት አስተናጋጅ ጎንበስ ብሎ ስኒ ሲያስተካክል የፊት ጥርሱን እንዳረገፈው ባለሙያው በዓይኑ አይቷል። ስለዚህ አገጭ ከማንሻው መስመር ላይ አይዋል፤ እጅም ሞላው መሳብ መጀመሩ እስኪሰማው ድረስ ማንሻውን አይልቀቅ።

ቁጥር 12 ላስቲኮቹን ከአሮጌ የመኪና ጎማ ቆርጦ መሥራት፣ ፒስተኑንም በጋራዥ ግሪስ መቀባት እንደሚቻል፣ እሱም እንዲህ አድርጎ እንደሚሠራ ጻፈ። ቁጥር 13 ላይ ባለሙያው ትሕትናውን ጣለ። በፈላ ውሃ ውስጥ የሚቀመጥ፣ ሰው የሚጠጣው ነገር የሚያልፍበት ላስቲክ ከመኪና ጎማ ሊቆረጥ አይችልም፤ ያንተን ካፌ አድራሻ ንገረንና እንዳንመጣበት ብሎ ቆጣ አለ። ለዚህ ሥራ የሚሆነው ሙቀት የሚችል፣ ለምግብ የተፈቀደ ላስቲክ ነው፤ ቅባቱም ለምግብ ዕቃ የተሠራ የሲሊኮን ቅባት። ቁጥር 12 አድራሻውን አልነገራቸውም።

ቁጥር 14 የፊዚክስ መምህር ነኝ ብሎ ገባ። እዚህ ላይ ውይይቱ ያልጠበቅሁትን መንገድ ያዘ። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ውሃ እዚያ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ቁልቁል ኮምቦልቻ ሲወርዱ ወደ 94 ይጠጋል። የማሽኑ የግፊት መለኪያ ደግሞ የሚያሳየው ከውጭው አየር በላይ ያለውን ትርፍ ብቻ ነው። ስለዚህ መለኪያው 1 ባር ሲል በባሕር ዳርቻ የቦይለሩ ውሃ 120 ዲግሪ ሲሆን፣ ደሴ ላይ 116 ነው። ሚላን የተጻፈውን መመሪያ እዚህ እንዳለ መከተል አይቻልም፤ ሩብ ባር ያህል ከፍ ይደረግ አለ።

ባለሙያው በቁጥር 15 ተቃወመው፤ ስሌቱን ሳይሆን ምክሩን። ዕድሜው ያልታወቀ ቦይለር ላይ ግፊት ከመጨመር በፊት ውስጡ በቀዝቃዛ ውሃ ተሞልቶ በእጅ ፓምፕ ከሚሠራበት በላይ ተገፍቶ ይፈተን። በውሃ ሲፈተን ቢቀደድ ይንጠባጠባል፤ በእንፋሎት ሲፈተን ቢቀደድ ይፈነዳል። ቁጥር 16 ደግሞ መምህሩን በራሱ ሜዳ ገጠመው። ቡናው ላይ የሚደርሰው ውሃ ከግሩፑ ብረት ጋር ሲነካካ ቀዝቅዞ ከ90 እስከ 95 ዲግሪ ቢሆን ይበቃል፣ ስለዚህ የ4 ዲግሪው ልዩነት የሚጎዳው በእንፋሎት የሚሞቀውን ወተት እንጂ ቡናውን አይደለም አለ። መምህሩ ይህን ተቀበለ፤ እንዲያውም ጨመረበት። ደሴ ላይ የተጣደ ጀበና የፈለገው ያህል ቢንተከተክ ከ92 ብዙም አያልፍም፣ ማሽኑ ግን ግፊት ስላለው ሊያልፍ ይችላል። ይህን ያነበበችው ቁጥር 5 በቁጥር 17 ተመልሳ፣ ወሎ በ92 ዲግሪ ስንት ዘመን በረካ ጠጥቶ የጎደለበት እንደሌለ አስታወሰች። ለዚህ መልስ አልተገኘለትም፤ እኔም የለኝም።

ከ18 እስከ 21 ያሉት ከመስመር ወጡ። የሐይቅ ዓሣ፣ የባቲ ሰኞ ገበያ፣ የጦሳ ብርድ ተነሣ። ከመካከላቸው አንዱ ጦርነቱ ደሴ በደረሰበት በ2014 ዓ.ም. የካፌው ዕቃ በሙሉ እንደተዘረፈ፣ ከማሽኑ የቀረለት አንድ የእንጨት እጀታ ብቻ እንደሆነ ጻፈ። ከእሱ በታች ለጥቂት ጊዜ ማንም አልጻፈም።

ዝምታውን የሰበረው ጠያቂው ራሱ ነው። በቁጥር 22 ሁሉንም አመስግኖ፣ ትልቁን ለመግዛት መወሰኑን፣ ውሃውንም ጣሪያ ላይ ካለው ሮቶ እንደሚያገናኘው ነገራቸው። ከመላው ውይይት የበለጠ የጠቀመኝ ቀጥሎ የመጣው ነው። እትዬ በቁጥር 23 ሮቶው ስንት ሜትር ከፍ ይላል ብለው ጠየቁ። አምስት አለ። እንግዲያው ውሃ አይገባልህም አሉት። መምህሩ ሒሳቡን ሠራላቸው። ለእያንዳንዱ ሜትር ከፍታ የሚገኘው 0.1 ባር ነው፤ አምስት ሜትር ግማሽ ባር ይሰጣል። ቦይለሩ ውስጥ ደግሞ 1 ባር ከዚያም በላይ አለ። ቧንቧው ሲከፈት ቀዝቃዛው ውሃ ሊወርድ ቀርቶ፣ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግድ ቫልቭ ከሌለ የፈላው ውሃ ወደ ሮቶው ሽቅብ ይሄዳል። ፓምፕ ላድርግ ቢል ደግሞ ከመብራት የሸሸበት ምክንያት ተመልሶ መጣ።

ሁለት መፍትሔ ቀረበ። አንደኛው ለዚሁ የሚሆን የእጅ ፓምፕ ነው። ሁለተኛውን እትዬ ራሳቸው ሲሠሩበት ኖረዋል። ጠዋት ማሽኑ ቀዝቅዞ ሳለ ቦይለሩ እስከ ላይኛው ምልክት ይሞላል፤ ቀን ላይ ሲጎድል እሳቱ ይጠፋል፣ በእንፋሎት ቧንቧው ግፊቱ እስከ ዜሮ ይወጣል፣ ከሮቶው ይሞላል፣ ተመልሶ ይሞቃል። ይህን ደንበኛ በሚሳሳበት ሰዓት ማድረግ ነው። የውሃ መጠን ማያው ብርጭቆ ከታችኛው ምልክት ሳይወርድ መሞላት አለበት፤ ማሞቂያው ከውሃ በላይ ወጥቶ ከጋለ ይቃጠላል። ጠዋት ሲሞቅም የእንፋሎት ቧንቧውን ትንሽ ከፍቶ አየሩን ማስወጣት ግድ ነው፣ አለዚያ መለኪያው የታመቀ አየርን እንደ እንፋሎት ቆጥሮ ያታልላል። ማታ ሲዘጋ ደግሞ ቧንቧው ወተት ውስጥ ተነክሮ እንዳይቀር፤ ቦይለሩ ሲቀዘቅዝ ወተቱን ወደ ውስጥ ይስበዋል፣ በማግስቱ የሚወጣው ሽታ ደንበኛ ያባርራል።

ስለ ቅርፊቱ ማጠቢያ የተነሣው ክርክር ከ24 እስከ 28 ቆየ። አንዱ አቼቶ፣ ሌላው ሎሚ፣ ሌላው ሲትሪክ አሲድ አለ። ሲትሪክ አሲድ ያለው አሸነፈ፤ የአቼቶ ሽታ ከላስቲክ አይለቅም። ባለሙያው ግን ወፍራም ቅርፊት አንዳንዴ ቀዳዳ ደፍኖ እንደሚቀመጥ፣ ከታጠበ በኋላ የሚንጠባጠብ ቦይለር ቢያገኙ አሲዱን እንዳይወቅሱ አሳሰበ።

ቁጥር 29 መጠቅጠቂያውን፣ የተፈጨውን ቡና ማጣሪያው ውስጥ የሚጫኑበትን ዕቃ፣ ከአሁኑ እንዲያዝ ጠያቂውን ሲገፋፋው፣ ቁጥር 30 ከለከለው። የአብዛኞቹ የካፌ ማሽኖች ማጣሪያ 58 ሚሊሜትር ቢሆንም የድሮዎቹ ይለያያሉ፤ በላ ፓቮኒ እንኳ እስከ እ.ኤ.አ. 2000 ገደማ የተሠሩት 49፣ ከዚያ ወዲህ ያሉት 51 ናቸው። ማጣሪያው በካሊበር ይለካ፣ ከዚያ ይታዘዝ።

ጠያቂው ሰንበት ብሎ በቁጥር 31 ተመለሰ። ሻጩ ቦይለሩን ላለማስከፈት ተከራክሮ በመጨረሻ ባለሙያው ባለበት ተከፈተ፤ ቅርፊቱ የተፈራውን ያህል አልነበረም፣ ዋጋው ግን በእሱ ምክንያት ወረደ። የተረፈውን ገንዘብ መፍጫው ላይ ጨመረበት። ማሽኑ ቶርኖ ቤቱ ውስጥ በቀዝቃዛ ውሃ ሲፈተን አንድ መጋጠሚያ ላይ አንጠባጥቦ ተበየደ። ቀሪው ጓርኒሲዮኑ ነው፤ የስም ሰሌዳ ስለሌለው በልክ ማዘዝ አለበት፤ ውፍረቱ 8 ይሁን 8.5 ሚሊሜትር? ባለሙያው በቁጥር 32 መለሰ። የግሩፑ ከንፈር ስለተበላ ወፍራሙን ይዘዝ፤ እጀታው ሲጠብቅ ትንሽ ወደ ግራ ቢቆም ግድ የለም፣ ላስቲኩ ሲለማመድ ወደ መካከል ይመጣል። ካልመጣ ይዞት ይምጣና ይታያል።